69 ጊጋባይቱን ማን በላው?

«1 ቴራባይት» ተብሎ የተገዛ ሃርድ ዲስክ ቢሮ ደርሶ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ 931 ጊጋባይት ብቻ ይነበብበታል። ገዢው ደረሰኙን ይዞ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ሻጩ «ዕቃው ኦርጅናል ነው፣ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው የሰጠሁህ» ይላል። ያገናኛቸው ደላላም ለማን እንደሚፈርድ ይቸግረዋል። በኮምፒዩተር ዕቃ ንግድ የቆየ ሰው ይህን ጭቅጭቅ ሳያውቀው አይቀርም። ሻጩ ወይ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይ ደንበኛ ያጣል፤ ሁለቱም ያለ ምክንያት የሚመጡ ኪሳራዎች ናቸው። 931 ጤነኛ ቁጥር ነውና። ሊያሳስብ የሚገባው ሌላ ቁጥር ነው።

ነገሩ የሚዛን ጉዳይ ነው። ዲስክ አምራቾች የሚቆጥሩት በሺህ ስለሆነ 1 ቴራባይት ለእነርሱ 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የሚቆጥረው በ1,024 በመሆኑ አንድ ጊጋባይት ብሎ የሚመዘግበው 1,073,741,824 ባይት ሲሞላለት ነው። ትሪሊዮኑ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል 931.3 ይሆናል፤ የጠፋች አንዲት ባይት የለችም። አንድ ኩንታል ቡና ባለ 17 ኪሎ በሆነው ፈረሱላ ሲቆጠር ስድስት ፈረሱላ እንደማይሞላ የቡና ነጋዴ ያውቃል፤ ቡናው ግን ያው መቶ ኪሎ ነው። የዲስኩን ገበያ ያደናገረው ሁለቱም ሚዛኖች «ጊጋባይት» በሚል አንድ ስም መጠራታቸው ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 በ1,024 ለሚቆጠረው «ጊቢባይት» የሚል የተለየ ስም ቢያወጣም ዊንዶውስ የድሮውን አጠራር አልተወም። አፕል በበኩሉ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮቹን ወደ ሺህ ቆጠራ ስላዞረ አንዱ ዲስክ በዊንዶውስ 931፣ በማክ ደግሞ 1 ቴራባይት ሆኖ ይነበባል። ሁለቱን ማሽኖች በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ ብዙ መሐላ ይቀርለታል።

ሁለቱ ማሽኖች ባይኖሩም የዲስኩን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን መክፈት ይበቃል፤ መጠኑ እዚያ በባይት ተጽፎ ይገኛል። አብዛኞቹ የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች በጠቅላላው 1,000,204,886,016 ባይት ይይዛሉ፤ አምራቹ ከትሪሊዮኑ በላይ ትንሽ ምርቃት ጨምሮበታል ማለት ነው። ለገበያ ስሌት በጊጋባይት የተጻፈውን በ0.93፣ በቴራባይት የተጻፈውን በ0.91 ማባዛት በቂ ነው። በዚህ መሠረት 500 ጊጋባይት 465፣ 256 ጊጋባይት 238 ሲያሳይ፣ ባለ 2 ቴራባይቱ 1.81፣ ባለ 4 ቴራባይቱ ደግሞ 3.63 ያሳያል።

ይህ ልዩነት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሲጌት በ2007 በዚሁ ምክንያት የቀረበባቸውን ክስ በስምምነት ጨርሰዋል። ሲጌት ከ2001 ጀምሮ ለገዙ ደንበኞች ከዋጋው 5 በመቶ ለመመለስ ወይም የመረጃ መጠባበቂያ ፕሮግራም በነፃ ለመስጠት ተስማምቷል። ካርቶኖች ላይ በደቃቅ ፊደል የሚታየው «1 ጊጋባይት ማለት 1 ቢሊዮን ባይት ነው» የሚል ጽሑፍ ዛሬ ለአምራቾች ጋሻ ሆኗል። በሳንዲስክ ላይ የቀረበ ተመሳሳይ ክስ እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገውም ትርጉሙ በማሸጊያው ላይ ሰፍሯል ተብሎ ነው።

ጉድለቱ ከዚህ ስሌት ካለፈ ግን መመርመር አለበት። የመጀመሪያው ቦታ የዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ነው። የመነሻ ቁልፉ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። እዚያ ዲስኩ እንደ ተሸነሸነ መሬት ሆኖ ይታያል። በላፕቶፖች ላይ አምራቹ ለማገገሚያ ብሎ የከለለው ክፍል አለ፤ ያገለገለ ዲስክ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት ከፋፍሎት ሊሆን ይችላል። ጥቁር መስመር ያለበትና «አንአሎኬትድ» የሚል ጽሑፍ የያዘ ክፍል ካለ ቦታው አለ፤ የመደበው ሰው የለም እንጂ። እሱን መመደብ የደቂቃ ሥራ ነው። ጠቅላላ መጠኑ ልክ ሆኖ ነፃው ቦታ ብቻ ካነሰ ዲስኩን መውቀስ አይገባም፤ የዊንዶውስ የእንቅልፍ ፋይልና የወደ ኋላ መመለሻ ቅጂዎች ብዙ ጊጋባይት ይይዛሉ።

ነጋዴን በእጅጉ የሚያስደነግጠው የባለ 3 ቴራባይቱ ዲስክ ነው። በዊንዶውስ 2,794 ጊጋባይት ማሳየት ሲገባው አንዳንድ ጊዜ 2,048 ላይ ይቆማል፤ ሲብስም 746 ብቻ ያሳያል። ኤምቢአር የሚባለው አሮጌው የዲስክ መዝገብ ባለ 512 ባይት ክፍሎችን የሚቆጥረው በ32 ቢት ቁጥር ስለሆነ ከ2.2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አይችልም፤ የቀረው 746 ጊጋባይት ያልተመደበ ሆኖ ይቀራል። አሮጌ የውጭ ማቀፊያ ወይም አሮጌ ድራይቨር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ቆጣሪው እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ሞልቶ ከዜሮ ይጀምርና የሚታየው ትርፉ 746 ብቻ ይሆናል። ዕቃው ግን ደህና ነው። መፍትሔው ድራይቨሩን ወይም ማቀፊያውን መለወጥ፣ መዝገቡንም ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ ዓይነት ማዞር ነው። በዲስክ ማኔጅመንት ይህን ለማድረግ ዲስኩ ባዶ መሆን ስላለበት የሂሳብ መዝገብ የተቀመጠበት ከሆነ አስቀድሞ ወደ ሌላ መገልበጥ ግድ ነው። «ክሊን» የሚለውን ትእዛዝ በችኮላ የሚሰጥ ጠጋኝ ቦታውን ይመልስ ይሆናል፤ የድርጅቱን የዓመታት ሂሳብ ግን ይዞት ይሄዳል። ዲስኩ መጠኑን አሳስቶ በሚያሳይበት ጊዜም ምንም ነገር ባይጻፍበት ይመረጣል።

በአሮጌ ማሽኖች ላይ ተመሳሳይ ጣሪያ 137 ቢሊዮን ባይት ላይ ነበር። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ኤክስፒ ከዚያ በላይ ያለውን ማየት የቻለው እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ማሻሻያ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ አነሰ ተብሎ ስለሚከሰስ ንጹሕ ዕቃ ነው። ገበያውን የሚጎዳው ግን ምንም ሳይጎድል ሙሉ ሆኖ የሚታየው ነው። በውስጡ 32 ጊጋባይት ብቻ የያዘ ፍላሽ መቆጣጠሪያው ተነካክቶ 2 ቴራባይት ነኝ ሊል ይችላል። ኮምፒዩተሩም የሚያምነው እሱ የነገረውን ነው። ፋይሉ ሲገለበጥ ያለ እንከን ያልፋል፣ ስሙም በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ውስጡ ባዶ ነው፣ ወይም የቀደመውን ደምስሶ ጽፎበታል። ይህን የሚያጋልጠው ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ የሚያነብ «ኤች2ቴስትደብሊው» የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች «ኤፍ3» አለ። ትልቅ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል፤ አስመጪው ግን ከየካርቶኑ አንድ አንድ አውጥቶ ማታ ሥራ ላይ ጥሎት ቢሄድ ጠዋት መልሱን ያገኛል። ከታወቀው የገበያ ዋጋ በብዙ እጥፍ የረከሰ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ሳይፈተሽ ገንዘብ መክፈል የዋህነት ነው።

ፍተሻው ቶሎ መሆን ያለበት ለሕጉም ሲባል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን እንዳገኘ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ካለ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ደረሰኙ ላይ «ሃርድ ዲስክ 1 ቴራ» ብቻ ከሚጻፍ የዕቃው ተከታታይ ቁጥርና «በዊንዶውስ 931 ጊጋባይት» የሚል ቢጨመርበት ሁለቱም ወገን የሚነጋገርበት ወረቀት ይኖረዋል። ጥንቃቄ የሚያደርግ ሻጭ ዲስኩን ገዢው ፊት ሰክቶ ቁጥሩን አሳይቶ ነው የሚያስረክበው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።