ንስርን ከላይ ወደ ታች ማየት

በኅዳር ደብረ ሊባኖስን ሊሳለም የሚሄድ ሰው ቅዳሴ እንዳለቀ ወደ አዲስ አበባ ባይሮጥ ደስ ይለኛል። ከገዳሙ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁሉም «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ አለ። ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት የዳግማዊ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ ነው የሚነገረው። ወንዙ ድልድዩን እንዳለፈ ወደ ገደል ይወረወራል፤ ከዚያ እየጠለቀ ሄዶ ጀማ ይገባል፣ ጀማም ዓባይ ይገባል። እዚያ አፋፍ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አርፎ የተቀመጠ ሰው፣ ሌላ ቦታ አንገቱን ሰብሮ ወደ ሰማይ የሚያያቸውን ወፎች ከእግሩ በታች ሲበሩ ያያቸዋል።

እኔ ቱሪስት የማመላልስ ሾፌር ነኝ። ወፍ ለማየት ብለው ከባሕር ማዶ የሚመጡ እንግዶችን ይዤ ስሄድ፣ መጀመሪያ እነሱ ገደል ለገደል ሲንከራተቱ እኔ መኪናዬ ውስጥ ጋዜጣ አነብ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ሴትዮ ባይናኩላሯን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣው ቀርቷል።

ፈረንጆቹ ኅዳርን የሚመርጡት በምክንያት ነው። በክረምት ጉም ገደሉን ይሞላውና ከድልድዩ ማዶ ያለው ሰው እንኳ አይታይም። መጸው ሲጋመስ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ ጤፍ ይታጨዳል፣ አይጡም ፍልፈሉም መሸሸጊያው ይራቆታል። በዚያው ሰሞን አውሮፓና መካከለኛው እስያ በረዶ ስለሚጀምራቸው የእነሱ ወፎችም ወደ እኛ ይመጣሉ። ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሏት ሲባል፣ ቁጥሩ እነዚህን እንግዶችም ይጨምራል።

እንግዳ ማየት የሚፈልግ ገደሉ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከጡሪን እያለፍን ስንሄድ የመንገዱን ዳር ምሰሶዎች እዩ። ቡናማ፣ ትልቅ፣ ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋ የሚመስል ንስር ካገኛችሁ፣ አፉ ጥግ ላይ ያለችውን ቢጫ መስመር ፈልጉ። መስመሯ እስከ ዓይኑ ኋላ ከደረሰች ከሩሲያና ከካዛኪስታን የሣር ሜዳ የመጣው ንስር ነው። ይህ ወፍ ባሕር አይወድም። ከባድ ስለሆነ ክንፉን እያራገበ ረጅም መንገድ መሄድ ያደክመዋል፤ በፀሐይ ሞቆ ከመሬት የሚነሣውን አየር ተንተርሶ መንሳፈፍ ነው የሚያዋጣው፣ ያ አየር ደግሞ ባሕር ላይ የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ ዓረቢያን አቋርጠው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ በምትሰፋው በባብ ኤል መንደብ በኩል ጅቡቲ ይገቡና ወደ ደጋችን ይወጣሉ። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ወፍ ሙከጡሪ ላይ ፍልፈል ሲጠብቅ ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ገደሉ እንመለስ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት የደረሰ ሰው ብዙ የሚበር ነገር አያገኝም። ብርድ ነው፤ ጋቢ ያስፈልጋል። ግን ማዶ ያለውን ግድግዳ በጥሞና እዩት። ኖራ የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ግርፍ ካያችሁ፣ እሱ የጥንብ አንሳዎች ኩስ ነው፤ ከግርፉ በላይ ባለችው እርከን ላይ ራሳቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ተቀምጠዋል። የሚጠብቁት ፀሐይን ነው። ድንጋዩ እስኪግል፣ አየሩም ሽቅብ መነሣት እስኪጀምር ማንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ አንዱ ይዘላል። ዝቅ ብሎ ይዞራል፣ ሞቃቱን አየር ያገኘዋል፣ አንዴም ሳያራግብ እየተሽከረከረ እኛ ካለንበት ይደርሳል። ሲያልፍ የላባው ፉጨት ይሰማል። ሌሎቹ እሱ ያገኘውን ቦታ አይተው ተከታትለው ይነሣሉ። እዚህ ከሚበዙት አንዱ፣ በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በዞረው ጀርመናዊ ተጓዥ በሩፔል ስም የሚጠራው ነው፤ ላባው ጫፍ ጫፉ ስለነጣ የዓሣ ቅርፊት የለበሰ መስሎ ይታወቃል። ከሁሉም ወፍ ከፍ ብሎ በመብረር የተመዘገበው ይኸው ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 አይቮሪ ኮስት አቢጃን ላይ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። አውሮፕላኑ አንድ ሞተሩ ቢጎዳም በሰላም አርፏል፤ ወፉ ምን እንደነበረ የታወቀው ከተረፈው ላባ ነው።

ከላይ ወደ ታች የማየትን ጥቅም በደንብ ያስተማረኝ ግን ጥቁሩ ንስር ነው። ከሥሩ ሆነው ሲያዩት ጥቁር ወፍ ነው፣ በቃ። ከአፋፉ ሲያዩት ግን ከሁለት ትከሻው የሚወርዱ ነጭ መስመሮች ጀርባው ላይ ይገናኛሉ፣ ከወገቡ በታችም በረዶ የመሰለ ንጣት አለው። ሜዳ ላይ ቆሞ ይህን ጀርባ ማየት የሚሳካለት ጥቂት ሰው ነው። ቀለቡ ሽኮኮ ነው። ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሽኮኮዎች ድንገት ጮኸው ስንጥቅ ውስጥ ከገቡ፣ ዞር ብላችሁ እሱን ፈልጉ።

ጢማሙ አሞራን ለማየት ግን ከራሴ ኪስ እንኳ እከፍላለሁ። ሲዘረጋ ክንፉ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ጅራቱ ረጅምና ሹል፣ ከአፉ ሥር ጥቁር ጢም የተንጠለጠለበት፣ ዓይኑ ዙሪያውን ቀይ። ደረቱ ብርቱካን የሚመስለው ሲፈጠር እንዲህ ሆኖ አይደለም፤ ላባው ነጭ ነው፣ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ውስጥ ራሱ እየታጠበ ነው የሚያቀላው። ምግቡ በአብዛኛው አጥንት ነው። ሌሎቹ ሥጋውን ጨርሰው ሲሄዱ እሱ ይመጣል። ትንሹን አጥንት እንዳለ ይውጠዋል፤ የሆዱ አሲድ ያሟሟዋል። ትልቁን ደግሞ ይዞ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል።

ይህን ያሳየኝ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አሁን ዝም ብለህ እየው፤ ከፍ ካለ ይጥለዋል» አለኝ። ወፉ የከብት ቅልጥም በእግሩ አንጠልጥሎ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ለቀቀው። አጥንቱ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አርፎ ጮኸ፤ ገደሉም መለሰው። አልተሰበረም። አሞራው እየተጠማዘዘ ወርዶ አነሣውና እንደገና ወጣ። ልጁ «ይኼኛው ጎበዝ ነው፤ ግልገሉ ድንጋዩን ይስታል» አለኝ። ኋላ መጽሐፍ ላይ ሳነብ፣ ወጣቶቹ ይህን ሙያ በደንብ እስኪለምዱ እስከ 7 ዓመት ሊፈጅባቸው እንደሚችል አገኘሁ። ፍየል ጠባቂው ያለ መጽሐፍ ያውቀው ነበር።

ትንንሾቹን ወፎች በተመለከተ፣ ፈረንጆቹና እኔ አንስማማም። እነሱ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙትን ለማየት ነው ልባቸው የሚሰቀለው፤ ከድልድዩ ድንጋይ ላይ የምትዘል፣ ክንፏ ሲገለጥ ብቻ ነጭ የምታሳይ ጥቁር ወፍ ካዩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። መንቆሩ ነጭ የሆነ ጥቁር ወፍም አለ፤ በመንጋ እየጮኸ ፏፏቴው ጋ ይዞራል። ትንንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች የጽድና የሾላ ፍሬ ፍለጋ ሽው ብለው ያልፋሉ፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። እኔ ለቁራው አደላለሁ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን፣ አፉ እንደ ጎራዴ የጎበጠውን ቁራችንን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያየውም። እበት ላይ ሲቆም እዩት፤ መንቆሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወናጨፈ እበቱን ይበትናል፣ ውስጡ ያለውን ትል ለቅሞ ይሄዳል። እሱም ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ሌላ የትም የለም።

ቀን የተረፈው ሰው በሙከጡሪ በኩል ወደ ለሚ ታጥፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ይውረድ። እዚያ ማለዳ የሚጮህ፣ ከዓይኑ ዙሪያ ቀይ የሆነ ቆቅ አለ፤ በዓለም ላይ ያለው በእኛው ማዕከላዊ ደጋ ገደሎች፣ በጀማና በዓባይ አካባቢ ብቻ ነው። ሰው እሱን አንዴ ለማየት ከለንደን ይመጣል።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። የሩፔሉ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት የዓለም ወፎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በመብራት ሽቦ የሚሞት አለ፤ ትልቁ ገዳይ ግን መርዝ ነው። ጅብ ወይም ውሻ በግ ሲበላበት የተናደደ ሰው በድኑ ላይ መርዝ ያደርጋል፤ ጅቡ ሳይመጣ አሞራው ይደርሳል፣ አንድ በድን ላይ ደግሞ የሚወርደው አንድ አሞራ አይደለም። ያለ እነሱ ምን እንደሚሆን ሕንድ አይታዋለች። ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጥንብ አንሳዎቹን ከ95 በመቶ በላይ ጨረሰባት፤ በድኑን የሚበላው ሲጠፋ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ አሳሰበ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ወፎቹ ግን እስካሁን ወደ ነበሩበት አልተመለሱም።

ገጠር ወንድም፣ አጎት ወይም አማች ያላችሁ አንባቢዎች፣ ለበዓል ስትሄዱ ይህን አንሡላቸው። በረቱን በእሾህ ያጥብቁት፣ ውሻ ይጨምሩ፣ በድን ላይ ግን መርዝ አያድርጉ። ጥንብ አንሳ በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው።