ትንፋሽ የሌለው ዜማ

ሙዚቃ ከሰው እጅና ከሰው ትንፋሽ የሚወጣ መሆኑ የታወቀ ነው። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ከመንፋቱ አስቀድሞ አየር ይስባል፤ የቫዮሊን ደጋን በጅማቱ ላይ ሲያርፍ ጥቂት መፋተግ ይሰማል፤ ወንበር ሲጢጥ ይላል፤ የዜማው ወረቀት ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል። እነዚህ ድምፆች በደራሲው ጽሕፈት ውስጥ ባይገኙም ከአዳራሹ አይጠፉም።

ዛሬ ግን አንድ ደራሲ ተጫዋቾች ሳይሰበስብ በኮምፒዩተር ብቻ የኦርኬስትራ ድምፅ ያሰማል። ከዚህ ጥበብ ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በእንግሊዝ አገር የተሠራው ሜሎትሮን ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር 8 ሰከንድ ያህል የሚቆይ ድምፅ በቴፕ ተቀድቶ ይገኝ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ1979 በአውስትራልያ የወጣው ፌርላይት ደግሞ ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጦ በኮምፒዩተር ያዘ። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው እየቀዱ፥ መነሻውንና መድረሻውን እያጠሩ አከማቹ።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ንጽሕና ነው። ድምፆቹ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ያለው ዝምታ የሰዎች ዝምታ ሳይሆን የባዶ ነገር ዝምታ ሆነ፤ ዋሽንቱም አንድ ጊዜ ሳይተነፍስ ረጅሙን ዜማ ዘለቀው። ሰሚው የጉድለቱን ስም ባያውቅ እንኳ ጆሮው ያውቀዋል።

ስለዚህ አዋቂዎቹ የጣሉትን መልሰው ያነሡ ጀመር። የአዳራሹን ጸጥታ ቀድተው ከዜማው በታች ያነጥፉታል፤ ከነፊዎቹ መግቢያ በፊት ለፈጣኑ ዜማ አጭር፥ ለዝግተኛው ረዘም ያለ ትንፋሽ ያኖራሉ። ነገር ግን ጨው ሲበዛ ወጥን እንዲያበላሽ፥ አንዱ ትንፋሽ በእኩል ርቀት ሲደጋገም መኪናነቱን ይብሱን ይገልጠዋል።

ይህ ማታለል አይደለምን? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ካናዳዊው የፒያኖ ተጫዋች ግሌን ጉልድ ሲጫወት ያንጎራጉር ስለ ነበረ ድምፁ በሸክላዎቹ ላይ ይሰማል። ያ ድምፅ የድካሙ ምስክር ነው፤ በኮምፒዩተር የተጨመረ ትንፋሽ ግን ስላልተደከመው ድካም ይመሰክራል። እንግዲህ ሰዎች የተጫወቱት ነው ብሎ ለማሳመን የተጨመረ እንደ ሆነ ሐሰት ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ለሰሚው ሳይሆን ለደራሲው ነው። ትንፋሹን የሚያኖርበት ስፍራ ፈልጎ ያጣ ደራሲ፥ የጻፈው ዜማ የሰው ሳንባ የማይችለው መሆኑን ያን ጊዜ ይረዳል። አርሞ የጻፈውንም አንድ ቀን በሕይወት ያሉ ነፊዎች ፊት ቢያቀርበው አያሳፍረውም።