ከተምሩ አጠገብ የምትቀመጥ ክኒን

ረመዳን ሲገባ ከአሥር ሰዓት በኋላ ማድ ቤታችን ይደምቃል። ሳንቡሳው ይጠቀለላል፣ ሾርባው ይንተከተካል፣ ዘይቱ ይግላል። የሚጥል በሽታ፣ በሕክምና ስሙ ኤፒለፕሲ፣ ላለባት ወጣት ግን ይህ ሰዓት ያሰጋል። ከተራዊህ እስከ ሱሁር በቂ እንቅልፍ አላገኘችም። የጧት ክኒኗን "ጾመኛ ነኝ" ብላ ትታዋለች። አሁን ደግሞ ከጋለ ዘይት ፊት ቆማለች።

አብረናት እየኖርን ክኒኑን መተዋን የማናውቅ ብዙ ነን። አትነግረንም፤ ምክንያቱም "ጂን ነው"፣ "ይተላለፋል"፣ "ማን ያገባታል?" ስንል እየሰማች አድጋለች።

በሽታው የሚነሣው ከአንጎል ነው። የአንጎል ሕዋሳት የሚለዋወጡት የኤሌክትሪክ መልእክት በድንገት ሲዛባ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ታማሚዋ ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዛ ብቻ ትቀራለች። መንሥኤው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ ማጅራት ገትር ወይም የጭንቅላት አደጋ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይታወቅም። በለሃጭም ሆነ በንክኪ አይተላለፍም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከበሽታው ጋር ይኖራሉ፤ ተገቢ ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ።

በሽታውን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። ሁለቱም በረመዳን ይበዛሉ። ስለዚህ ሐኪም ማማከር ያለብን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። አንዳንዱ መድኃኒት በሱሁርና በኢፍጣር ሊወሰድ ይችላል፤ ሌላው አይመችም። ሰዓቱን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ እኛ አይደለንም። ሐኪሙ "አትጹሚ" ካላት ደግሞ ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ በሱረቱል በቀራ 185ኛው አንቀጽ ተደንግጓል። ስትችል ቀዳ ታወጣለች፤ ሕመሙ ለዘለቄታው የማያስጾማት ከሆነ ስለ እያንዳንዱ ቀን ሚስኪን ማብላት እንዳለ ዑለማዎች ያስተምራሉ። በዚህ ልታፍር አይገባም።

ለትዳር የደረሰች ከሆነችም እንንገራት፦ ይህ በሽታ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። ይሁንና እንደ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ያለው መድኃኒት ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት ሐኪም ታማክር፤ በራሷ ግን አታቋርጥ።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ጥቁር ሴት ታሪክ እናስታውስ። እንደምትወድቅና ሰውነቷም እንደሚገለጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ብትፈልግ ደግሞ እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሯት። ትዕግሥትን መረጠች፤ ስትወድቅ ሰውነቷ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ ጠየቀች፤ አደረጉላትም። ነቢዩ አላሳፈሯትም፤ እሷም የለመነችው ክብሯ እንዲጠበቅ ነው።

ያንን ክብር ዛሬ መጠበቅ የእኛ ድርሻ ነው። ልጃችን ስትወድቅ ክብሪት አናሽትታት፤ ብረት አናስይዛት፤ በአፏ ማንኪያ አንክተት። እሳትና ስለታም ነገር ከአጠገቧ እናርቅ። ከራሷ ሥር ለስላሳ ነገር እናድርግ፤ ሂጃቧ አንገቷን ካጠበቀ እናላላው። መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኗ እናስተኛት፤ ሰውነቷ ከተገለጠ ነጠላ ጣል እናድርግባት፤ ተመልካቹን እንበትን። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ፈጥነን ወደ ጤና ተቋም እንውሰዳት። ዱዓችንም አይቋረጥ፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም።

ከማድ ቤትም አናስወጣት፤ ከምድጃው ራቅ ብላ ተቀምጣ ሳንቡሳውን ትጠቅልል፣ መጥበሱን ሌላው ይያዝ። አዛን ሲል ደግሞ ክኒኗ ከተምሩ አጠገብ፣ ሁላችንም በምናየው ቦታ ትቀመጥ። ተደብቃ እንዳትውጠው።