ከተሜ ማለት ማን ነው?

ከባላገር የመጣ ሰው ከተማ ውስጥ ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላ ከተሜ ነው ወይስ እንግዳ? ዛሬ ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከሚጠይቁት መካከል የቻይና ሠራተኞች ይገኛሉ፤ የሚጠይቁትም በእጅ ስልክ በሚነበብ ታሪክ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ «ሁኮው» የሚባለውን የቤተ ሰብ መዝገብ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1958 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ደንብ እያንዳንዱ ሰው ባንድ ስፍራ እንዲመዘገብ ተደረገ፤ ትምህርትና ሕክምናም ከዚሁ መዝገብ ጋራ ተያያዙ። አሠራሩ በ2014 ቢሻሻልም ታላላቆቹ ከተሞች በራቸውን ወለል አድርገው አልከፈቱም። በ2020 ቆጠራ ከተመዘገበበት ስፍራ ርቆ የሚኖረው ሕዝብ 376 ሚሊዮን ያህል ነበር። እንግዲህ ከተማው የሠራተኛውን ጉልበት ይቀበላል፤ ልጁን ግን ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ደጅ ይመልሳል።

ፋን ዩሱ የተባለች የሁቤይ ተወላጅ በቤጂንግ በሰው ቤት ሞግዚት ነበረች። በ2017 የሕይወቷ ታሪክ በኢንተርኔት ቢወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ አገር አነበበው። ሌሊት የሀብታም ሕፃን ታቅፋ ስታባብል፣ በከተማው ዳር ፒትሱን በሚባለው መንደር የቀሩት የራሷ ልጆች ትዝ ይሏት እንደ ነበር ጽፋለች።

ሁ አንየንም በሌሊት ዕቃ ሲለይ የኖረበትን ዘመን በ2020 በኢንተርኔት ጻፈ፤ በ2023 መጽሐፍ አወጣ። በቤጂንግ ዕቃ ሲያድል ኑሮው እንዲሞላለት በየደቂቃው ግማሽ ዩዋን ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ ሃያ ደቂቃ የፈጀ ምሳ፣ የምግቡ ዋጋ ሳይታሰብ፣ ዐሥር ዩዋን አስከፈለው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ በስልክ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የማተሚያ ቤት ደጅ ሳይጠና፣ ከሥራ በተረፈች ሰዓት ሊጻፍ ይችላል። ነገር ግን መነበብ ማለት መመዝገብ ማለት አይደለም። ጋዜጠኞች ሲያጨናንቋት ፋን ዩሱ ሸሸች፤ ከዚያም በኋላ በሰው ቤት መሥራቷን አልተወችም።

ታዲያ የጽሑፉ ጥቅም ምንድን ነው? ቆጠራው ስንት ሰው ከቀዬው እንደ ወጣ ይነግረናል፤ የምሳውን ደቂቃ የቆጠረው ግን ሰውየው ራሱ ነው። እኛም ስለ ከተማ ስናጠና ሁለቱን ቁጥር አጠገብ ላጠገብ አኑረን ብናነብ፣ ከተማው የማን እንደ ሆነ ለመመለስ አንቸኩልም።