በደም ውስጥ ብረት እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

«በደም ውስጥ ብረት፣ በቅጠል ውስጥ ማግኒዥየም አለ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም ሸምድደን ፈተና አልፈንባታል። ነገ ግን እኛው ጠመኔ ይዘን ስንቆም አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «እንዴት ታወቀ?» ቢለን ምን ልንመልስለት ነው? «መጽሐፉ ላይ አለ» ማለት እኮ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ከማረጋገጫ መንገዶቹ አንዱን እነሆ።

የደሙ ሂምና የቅጠሉ ክሎሮፊል የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም ፖርፊሪን ከሚባለው ቀለበት መሰል ሞሌኪውል ወገን ሲሆኑ፣ በቀለበቱ መካከል አራት የናይትሮጅን አቶሞች ብረቱን ወይም ማግኒዥየሙን እንደ ፈርጥ ጨብጠው ይይዙታል። በደም ውስጥ ግን ብረቱን ፕሮቲንና ውሃ ከብበውታል። ታዲያ የትኛው ጠባይ የራሱ፣ የትኛው የጎረቤቶቹ እንደሆነ ለመለየት ሂሙን ከነዚህ ሁሉ ነጥሎ በጋዝ መልክ ማግኘት ያስፈልጋል።

ይህ ቀላል አይደለም፤ ሂም ቢሞቅ ከመትነኑ በፊት ይበላሻል። አንዱ መላ ኤሌክትሮስፕሬይ ነው። ለዚህ ዘዴ አሜሪካዊው ጆን ፌን እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሂም የሟሟበት ፈሳሽ በሺህ የሚቆጠር ቮልት በተሰጠው ቀጭን መርፌ ይረጫል። ጠብታው እየተነነ ሲያልቅ አዮኑ ብቻውን ይቀራል።

ከዚያ በኋላ አየሩ የተመጠጠው ማስ ስፔክትሮሜትር ይመዝነዋል። አሠራሩ አውድማን ይመስላል፤ ምርት በመንሽ ሲዘራ ነፋሱ ገለባውን አርቆ ይወስዳል፣ ፍሬው ቅርብ ይወድቃል። በመሣሪያው ውስጥ የነፋሱን ሥራ የኤሌክትሪክ ወይም የማግኔት ኃይል ይሠራል፤ እኩል ቻርጅ ካላቸው አዮኖች ቀላሉ ብዙ፣ ከባዱ ጥቂት ይታጠፋል።

ሂሙ 616 ላይ ይታያል። 614 ላይ ደግሞ ከዋናው ከመቶ 6 ያህል የምትሆን ትንሽ ምልክት አለች። የተፈጥሮ ብረት አብዛኛው አቶሙ 56፣ ጥቂቱ 54 ስለሚመዝን ይህች ምልክት የብረት አሻራ ናት። አዮኑን ከጋዝ ጋር ቢያጋጩት 59 ጎድሎ 557 ይሆናል፤ የወደቀው የጎን ቅጥያ ነው፣ ብረቱ ግን ከቀለበቱ አይወጣም። ናይትሪክ ኦክሳይድ ቢያስገቡበት ደግሞ 30 ጨምሮ 646 ይደርሳል። ስለዚህ ብረቱ ፕሮቲን ሳያግዘውም ጋዝ መጨበጥ ይችላል ማለት ነው።

ነገሩ ከኑሯችን የራቀ አይደለም። በሂሞግሎቢን ውስጥ ያለው ብረት ኦክሲጅን የሚሸከመው በዚሁ መጨበጥ ነው፤ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

መሣሪያው በየትምህርት ቤቱ አይገኝም፤ መንሽና ነፋስ ግን አለ። ስለዚህ «እንዴት ታወቀ?» ያለንን ተማሪ ዝም አናሰኘው። አውድማውን ምሳሌ አድርገን እናስረዳው፤ ቤቱም ሲገባ ከሰሉ ከመኝታ ክፍል እንዲወጣ ለወላጆቹ እንዲነግር እንምከረው።