ሕፃኑ በገዛ እጁ ሲጎርስ
ካሮት፣ ድንችና አይብ ለጡት አጋዥ

ሕፃን ሲወለድ ቤቱ በእልልታ ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፤ አራሷም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። ነገር ግን ያ ሕፃን ስድስት ወር ሞልቶት ከጡት ሌላ ምግብ በሚያሻው ጊዜ እልልታው ጸጥ ብሏል፤ ጠያቂውም ወደየቤቱ ገብቷል። ምን ይብላ? በቀን ስንት ጊዜ ይብላ? በማንኪያ ነው ወይስ በእጁ? ለዚህ ሁሉ ጥያቄ መልስ የምትፈልገው እናት አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ናት። ለልጁ ዕድገት ግን ይህ ወቅት ከልደቱ ቀን የማያንስ ታላቅ ወቅት ነው።

ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታይ አለመሆኑን ቁጥር ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳስረዳው፣ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት መካከል ከመቶው 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያልደረሰ፣ ማለት የቀነጨሩ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆነው ሕፃናት ደግሞ በዓይነትም ሆነ በመመገቢያ ጊዜ ብዛት የሚበቃ ምግብ ያገኙት ከመቶው 7ቱ ብቻ ነበሩ። መቀንጨርም በብዛት የሚመጣው በእነዚሁ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ስለሆነ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ጉድለቱን መሙላት እጅግ ያስቸግራል።

አጥሚቱ ስለ ምን አይበቃም?

በብዙ ቤት ለሕፃኑ በመጀመሪያ የሚቀርብለት ቀጭን አጥሚት ነው። አጥሚት በራሱ ክፉ ምግብ አይደለም። የሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ስለሆነ፣ ውሃ የበዛበት አጥሚት ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ሰውነቱን አይገነባውም። ሕፃኑ ጠግቦ ይተኛል፤ እናቲቱም «ዛሬስ በላልኝ» ብላ ደስ ይላታል፤ ከበላው የሚበልጠው ግን ውሃ ነው። ሐኪሞች «የሕፃን ገንፎ ከማንኪያው ላይ የማይንጠባጠብ ወፍራም ይሁን» የሚሉት ስለዚህ ነው።

ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ፣ በጃማይካ የተወለዱ ሴት ሐኪም፣ ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ሲሠሩ፣ ጡት ትተው በበቆሎ ምግብ ብቻ የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው ሲያብጥና ቆዳቸው ሲላጥ ተመለከቱ። ያዩትንም እ.ኤ.አ. በ1933 ጽፈው አስታወቁ። በ1935 ደግሞ የአገሬው ሰው በጋ ቋንቋ የሚጠራበትን የበሽታውን ስም ለዓለም ሐኪሞች አሰሙ። ስሙ ኳሺዮርኮር ነው፤ ትርጉሙም ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ እንደ ማለት ነው። የበሽታው ታሪክ በስሙ ውስጥ ይገኛል። ሕፃኑ ጡቱን ለታናሹ ለቀቀ፤ በምትኩ የተሰጠው ምግብ ግን ጡትን የሚተካ አልነበረም።

በአገራችንም በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው የሕፃናትን ምግብ ማጥናት በጀመሩ ጊዜ፣ ከሥራቸው ፍሬ አንዱ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ያዋሐደው ፋፋ ነበር። የፋፋ ትምህርት ለማንኛውም ማእድ ቤት ይሠራል፤ ይኸውም እህል ብቻውን አይበቃም፣ አጋዥ ይሻል ማለት ነው። ያን አጋዥ በአቅራቢያችን ካለው ጉልት ልናገኘው እንችላለን።

አይብና አትክልት እንዴት ይረዳዳሉ?

አይብ ሥጋን የሚገነባውን ንጥረ ነገርና አጥንትን የሚያጠነክረውን ካልሲየም ይሰጣል። ነገር ግን በባላገሩ አሠራር ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ስለሚሞቅ፣ አይቡ ቅባት ያንሰዋል። ካሮት፣ ዱባና ጎመን ደግሞ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር ይዘዋል። ይህም ቫይታሚን ዓይንን ይጠብቃል፤ በሽታን ለመከላከል ያግዛል። ሰውነት በደንብ የሚቀበለው ግን አትክልቱ በስሎ ሲላቁጥና ከጥቂት ቅባት ጋር ሲበላ ነው። እንግዲህ ካሮቱ፣ አይቡና አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ሆኖም ሁለቱም የደም ግንባታ የሚፈልገውን ብረት አያበዙም። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ከጡት ወተት የሚገኘው ብረት ለሕፃኑ አይበቃውም። ስለዚህ በሌላው የመመገቢያ ሰዓት የተቀቀለ ምስር፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሲገኝም ደቆ የበሰለ ሥጋ ወይም ጥቂት ጉበት ሊጨመርለት ይገባል።

አሠራሩ

አይቡን በቤት ለማዘጋጀት ግማሽ ሊትር ወተት በደንብ ይፈላ። ከእሳት ሳይወርድ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቀስ እያሉ ጠብ ማድረግና ማማሰል ነው። ወተቱ ሲቋጠር ይወርድና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። በጨርቁ ላይ የሚቀረው አይብ ነው፤ የወረደው አጓት ድንቹን ለማላቆጥ ይረዳል። ቅቤው ስላልወጣለት ይህ አይብ ከገበያው ይልቅ ቅባት አለው። ከገበያ የተገዛ ከሆነ ግን ወተቱ ጥሬ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሕፃኑ ከመስጠት በፊት በጥቂት ውሃ እስኪፈላ ማሞቅ ይገባል።

ለአንድ ቀን የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ አንድ መካከለኛ ድንች፣ አንድ ካሮት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አይብ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት።

ድንቹና ካሮቱ ታጥበው፣ ተልጠውና ተከትፈው በትንሽ ውሃ ድስቱ ተከድኖ ይቀቀሉ። እንደ ቅቤ ሲለሰልሱ ይላቁጡ፤ አይቡና ቅቤው ገብቶ በንጹሕ እጅ ይታሽ። ከዚያ በትልቅ ሰው ትንሿ ጣት ልክ እየተድቦለቦለ፣ ዘይት ጠብ በተደረገበት መጥበሻ ላይ በለዘብተኛ እሳት እየተገላበጠ ጥቂት ይጠበስ። ላዩ ሲይዝ፣ ውስጡ ለስላሳ እንደ ሆነ ይወጣል። በሌላ ቀን በካሮቱ ፋንታ ዱባ፣ ቀይ ሥር ወይም አገዳው የወጣለት በደቃቁ የተከተፈ ጎመን መተካት ይቻላል። ጨውና በርበሬ አያስፈልገውም። ማርም አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ተሐዋስ ሊኖርበት ይችላልና።

የወተት ተዋጽኦ ያልለመደ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብቻ ይቅመስ። ሽፍታ ቢወጣበት ወይም ቢያስመልሰው ምግቡን አቁሞ ሐኪም ማማከር ነው፤ ፊቱ ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ግን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል።

ጉርሻና የልጅ እጅ

ጉርሻ በአገራችን የፍቅር ምልክት ነው። ለሕፃኑም ቢሆን የእናት ጉርሻ አይቅርበት። ነገር ግን የራሱም እጅ ሥራ ያስፈልገዋል። በስድስትና በሰባት ወሩ ሕፃን ነገርን የሚይዘው በጭብጡ ስለሆነ፣ ምግቡ ከጭብጡ ብቅ የሚል ረዘም ያለ ይሁንለት። በስምንትና በዘጠኝ ወሩ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መልቀም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እየተቆራረሰ ሊቀርብለት ይችላል። ጥርስ እስኪያወጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በድዱ ያላምጠዋል።

በመጀመሪያ ይጥለዋል፣ ፊቱን ይቀባበታል፣ ይተፋዋል። ይህ ጥፋት ሳይሆን ትምህርት ነው። ዛሬ ያልተቀበለውን ምግብ ደጋግሞ ሲያየው፣ አንዳንዴም እስከ ዐሥር ጊዜ ከቀረበለት በኋላ ሊወደው ይችላል። አፉን ይዞ ማስዋጥ ግን ምግብን ያስጠላዋል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት እዚህም ይሠራል።

ይህ የእጅ ምግብ ጡትንና ወፍራሙን ገንፎ ለመተካት የታሰበ አይደለም። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር ወዲህ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ይመገባል፤ በመካከሉም እንደ ፍላጎቱ መክሰስ ይጨመርለታል።

ሊታሰብበት የሚገባ ጥንቃቄ

ማንኛውም የሕፃን ምግብ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲጫኑት የሚፈርስ መሆን አለበት። የማይፈርስ ከሆነ ገና አልበሰለም። ጥሬ ካሮት፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ድፍን ወይን ጉሮሮ ስለሚዘጉ ለሕፃን አይሰጡም። ሕፃኑ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ እንጂ ተንጋሎ ወይም እየዳኸ አይብላ፤ ሲበላም ብቻውን አይተው። ቢያስለው ራሱ እያወጣው ስለሆነ መታገሥ ነው። ድምፁ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ግን ዕድሜው ከዓመት በታች የሆነውን ሕፃን ራሱ ዝቅ እንዲል ክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት፤ ካልወጣለት ገልብጦ ደረቱ መካከል በሁለት ጣት 5 ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ ይህንኑ መደጋገምና ለርዳታ መጣራት ያስፈልጋል።

እጅ በሳሙና መታጠብ ከምግቡ ይቀድማል፤ የልጁም እጅ ጭምር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት የተረፈው ለነገ አይቀመጥም፤ የቤቱ ሰው ይብላው።

የጾም ቀንስ?

ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ የዓመቱን ግማሽ ገደማ ይሸፍናሉ። በእነዚህ ቀኖች ብዙ እናቶች ዕቃው እንዳይነካካባቸው በመስጋት ለሕፃኑ አይብም ቅቤም አያነሡም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ የራሱ የሆነች አንዲት ትንሽ ድስት፣ አንድ ሰሃንና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። የጿሚው ጾም ይጠበቃል፤ ልጁም ቀለቡ አይጓደልበትም።

ይህ ጉዳይ የሴቶች ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ድንች መላጥና ካሮት ማላቆጥ ዲፕሎማ የማይጠይቅ ሥራ መሆኑን ያስታውስ። ደመወዙ ገና ትንሽ የሆነ አባት ከቢሮ ሲመለስ አንድ ካሮትና አንድ ድንች ይዞ መግባት አያቅተውም፤ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለው ተማሪም እሑድ ጠዋት ይህን ምግብ ሊሠራ ይችላል። ለሕፃን የሚሆን ምግብ በውድ ጣሳ ውስጥ ካልሆነ በቀር አይገኝም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንጹሕ እጅ፣ ጥቂት ትዕግሥትና ለሕፃኑ ብቻ ተብላ በየቀኑ የምትጣድ አንዲት ትንሽ ድስት ናት።