ተጨማሪ መረጃ፦ መርሳት ሁሉ እርጅና አይደለም

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንት ምሳ መብላታቸውን ሲረሱ ወይም ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ሲጠፋባቸው «ጃጁ» ይባላል። ነገሩ ግን የአንጎል ሕመም ሊሆን ይችላል። ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው፣ ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው አልዛይመር ነው። የቅርቡ ትዝታ ቀድሞ ይጠፋል፤ የልጅነቱ ይሰነብታል። ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ ሲጋራና የጭንቅላት ጉዳት ያጋልጣሉ። ፈዋሽ መድኃኒት እስካሁን የለውም።

ደብረ ማርቆስ ባለበት በጎጃም ግን እንቅርትም መታሰብ አለበት። የደጋው አፈር አዮዲን በጎርፍ ስለሚታጠብ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። አዮዲን ሲጎድል የታይሮይድ ሆርሞን ሊያንስ ይችላል፤ ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይፈዛል፣ ይረሳል። ይህኛው መርሳት በደም ምርመራ ይለያል፤ በመድኃኒትም ሊሻሻል ይችላል።